ቀለሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ መሰላል አምጪ

መስከረም ሲጠባ ለዚህ አምድ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የቤት ሽያጭ ጉዳይ ናቸው። ጅማ እንዲህ ናት። ቡናው ሊለቀም፣ ብሩ ሊገባ ነው ሲባል ሁሉም የሚሸጠውን ነገር ይወለውላል። ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ መልሱም ይረዝማልና ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እናታችን ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። መንደራ ያለውን ቤቷን ልንሸጥ ተስማምተናል። አራት ልጆች ነን፤ ጅማ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ውጭ አገር ነው። ቤቱ የጭቃ ነው፤ አምስት ክፍል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሳሎኑ ሊሾ። ማድቤቱ ጓሮ ለብቻው ነው። ደላላው “ጄሶ ኮርኒስ አስገጥሙ፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስኑ፣ ቀለም ቀቡት። 300 ሺህ አውጥታችሁ ሚሊዮን ትጨምራላችሁ” ይላል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ “ገዢ የሚፈልገው ቦታውን ነው፣ ሳንቲም እንዳታወጪ” ይለኛል። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ እድፍ አለ። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከታች በኩል ይሻግታል። ደላላው ገዢ አግኝቻለሁ፣ ቀብድ ተቀበዪ እያለ ያጣድፈኛል። ከየት ልጀምር?
የእማማ ልጅ፣ ከመንደራ

መልስ፦ ልጄ፣ ነፍስ ይማር። እናትሽን አላውቃቸውም። ቤታቸውን ግን ያየሁት ያህል ነው። ሠላሳ ዓመት ጅማ ውስጥ ስገነባ መንደራ ላይ ብቻ እንዲህ ያለ ቤት ስንት እንዳቆምኩ ቆጥሬው አላውቅም።

ደላላሽ ቸኩሏል። ወንድምሽ ርቋል። ሁለቱም ጣሪያው ላይ አልወጡም።

ጅማ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው የሚፈራው ውሃ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ክረምት ሲል ሦስት ወር ማለቱ ነው። እኛ ጋ በመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘንባል። በዓመት የሚወርደው ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እዚህ ያደገ ገዢ ይሄን ቁጥር አያውቀውም፤ ነገር ግን በእናቱ ቤት የሚያንጠባጥብ ጣሪያ ሥር ድስት ደቅኖ አድሯል። እና በር ላይ ሲደርስ ቀለም አያይም። አንገቱን ቀና አድርጎ ኮርኒስ ያያል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበትን ያያል። መሃሉን የምታዪው አንቺ ነሽ፣ ፎቶ የሰቀልሽበት ስለሆነ።

እኔም በጊዜዬ ቀብቻለሁ። በ1997 ኮቺ ያለውን የአባቴን ቤት ልሸጥ ተነሳሁ። ግንበኛ ነኝ፣ ግድግዳ እኔን አያሞኘኝም አልኩና ነሐሴ ላይ እርጥቡን ግድግዳ በፕላስቲክ ቀለም ለበጥኩት። ክሬም ነበር። አማረ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ የቡና ነጋዴ ሊያዩት መጡ። ቃል አልተናገሩም። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው። ከዚያ በቁልፋቸው ጫፍ ጫር አደረጉት። ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ መጣ። “ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ አልቦታል” አሉኝ።

ነገሩ በግድግዳው ቢያልቅ ምን ነበረበት። ከዚያ በኋላ ያሳየኋቸውን ሁሉ አላመኑኝም። ቆጣሪው የራሴ መሆኑን ሳይቀር ጠየቁ። ካልኩት ዋጋ ሩቡን ቀንሼ ሸጥኩላቸው። የቤቱ ሕመም ምን ነበር ብትዪኝ፣ ሁለት ቆርቆሮ። ሁለት ቆርቆሮ ብቀይር ኖሮ የሚደርቅ ግድግዳ ነበር።

ስለዚህ መሰላል አምጪ። አንቺ አትውጪ፤ የሚያውቅ ሠራተኛ ይውጣ፣ አንቺ ግን ከሥር ቆመሽ ጠይቂው። በቆየ ቆርቆሮ ቤት ውሃ በብዛት የሚገባው በሚስማሩ ቀዳዳ ነው። የሚስማሩ ላስቲክ በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩ ይላላል፣ በዙሪያው ዝገት ይበላዋል። በየዓመቱ ሬንጅ እየለጠፉ የቆዩ ከሆነ ሬንጁ ራሱ ተሰንጥቆ ውሃ ያቁርበታል። እሱን ፍቀው ያዩት። የበሰበሰውን ቆርቆሮ ብቻ ቀይሪ፤ ሙሉ ጣሪያ መቀየር የገዢው ፈንታ ነው። ቆርቆሮው ሲነሳ ከሥሩ ያለውን ወራጅና ማገር በመዶሻ ቆርቆር አድርጉት። ባህር ዛፍ ከበሰበሰ ድምፁ ይነግርሻል።

አሸንዳውን አደራ። ጓሮ አቮካዶ ካለ ቅጠሉ አሸንዳው ውስጥ ነው። ሞልቶ ሲገነፍል ውሃው የሚወርደው በግድግዳሽ ላይ ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ከሆነ ቢያንስ መኝታ ቤቱ በኩል አስገጥሚ። ከምታወጪው ብር ሁሉ ቶሎ የሚመለስልሽ ይሄ ነው።

አሁን ስለ ቢጫው እድፍ። ደላላው ጄሶ ኮርኒስ ያለው እሱን ለመሸፈን ነው። እኔ የምልሽ ተቃራኒውን ነው፤ እድፉን ተዪው። ጣሪያው ከተጠገነ በኋላ እዚያው ይቆይ። ገዢው አንገቱን ቀና ሲያደርግ ቀድመሽ “እዚህ ያፈስ ነበር፣ መስከረም ላይ አስጠግኜዋለሁ፣ ይሄው የቆርቆሮው ደረሰኝ” በዪው። የጥቅምት ዝናብ ከመጣና እድፉ ካልሰፋ ደግሞ ምስክር አገኘሽ። አዲስ ኮርኒስ በአሮጌ ቤት ውስጥ ያየ ገዢ “ከላዩ ምን ደብቀው ነው?” ነው የሚለው። ቢያንስ እኔ ገዢ ስሆን እንደዚያ ነው የምለው።

የሚሻግተው ግድግዳ። ከላይ ሳይሆን ከታች የሚሻግት ከሆነ ጥፋቱ የጣሪያው ላይሆን ይችላል። ውጪ ዞረሽ እይው። እናቶቻችን አበባ ይወዳሉ፤ ግድግዳው ሥር አፈር ይከምራሉ፣ ያጠጣሉ። ዓመት በዓመት አፈሩ ከፍ ይልና የድንጋይ መሠረቱን አልፎ ጭቃውን ይነካዋል። ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል። ያንን አፈር አስነሺ። መሠረቱ በደንብ እስኪታይ ድረስ ዝቅ ይበል። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቦይ ይቆፈር፤ ውሃው ወደ መንገዱ ይሂድ፣ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ብቻ። መንደራ ላይ በቦይ ውሃ የተጣላ ጎረቤት ስንት ሽማግሌ አስቀምጧል።

ከዚያ ልጄ፣ ጠብቂ። እርጥብ ግድግዳ በአንድ ሳምንት አይደርቅም። የላላውን ምርጊት አውርዱና መስኮቱን ክፈቱት። ሻጋታውን በበረኪና እጠቢው። ጭቃና የጤፍ ጭድ አስቦክተሽ፣ እየተረገጠ ጥቂት ቀን ከከረመ በኋላ ይመረግ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አትደንግጪ፤ በቀጭን ጭቃ ድጋሚ ይመረጋል። በመጨረሻ ኖራ ቀቢው። ኖራ ያስተነፍሳል፣ ርካሽ ነው፣ ንጹሕም ይመስላል።

ሲሚንቶ ያሉሽን አትስሚ። ጭቃና ሲሚንቶ ባልና ሚስት አይሆኑም። ጭቃው እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶው ግን ደረቅ ነው፣ አብሮት አይሄድም። በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ እርጥበቱም መውጫ ያጣል። የሽቦ ወንፊት ሳይኖረው ከተለሰነ ደግሞ በዓመቱ እንደ ቂጣ ይነሳል። ነቃ ያለ ገዢ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገዋል። ባዶ ድምፅ ሲሰማ ነገሩ ይገባዋል። ብሎኬት ነው ብሎ የሚሞኝልሽ ገዢ ካለ እሱ መጀመሪያውኑ ገንዘብ የለውም።

ይቺን ሳልናገር አላልፍም። ጂሬን ወጥተሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተሻል? የእንጨት ሥራ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ሁሉ ዝናብ ቆሟል። ሰው ቅርጹን ያደንቃል። እኔ የማደንቀው የጣሪያውን ክፈፍና በረንዳውን ነው። ዝናቡ ግድግዳው ጋ እንዳይደርስ ርቆ ነው የሚወርደው። የዛሬ ልጆች ክፈፉን ስንዝር አድርገው ይቆርጡትና “ጭቃ ቤት አይረባም” ይላሉ።

ምስጥ አለ የለም የሚለውንም አሁኑኑ እወቂው። በጠፍጣፋ መፍቻ የምሰሶዎቹን እግርና የበሩን መቃን ወጋ ወጋ አድርጊ። ዘልቆ ከገባ ለገዢው ንገሪው። መቃን በቀላሉ ይቀየራል። ምሰሶ ከሆነ ዋጋ ቀንሰሽ ሽጪ፤ ደብቀሽ ሸጠሽ ብትጣሊ ግን የሚብስብሽ አንቺ ነሽ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ማታለል ውል ያስፈርሳል።

ማድቤቱን አታፍርሺ። ጥላሸቱን አስጠርጊ፣ በሩን አስተካክዪ፣ አምፖል አብሪበት። ሽንት ቤቱ ከሞላ አስመጥጪ። የማይዘጋ በር ካለ ማጠፊያውን ቀይሪ። ይሄ ሁሉ የሁለትና የሦስት ቀን ሥራ ነው።

የእናትሽን ዕቃ ግን ቀድመሽ አውጪ። ለሰው የሚሰጠውን ስጪ፣ የሚቀረውን ተካፈሉት። የጅማ በርጩማ ካለ በተለይ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ውሰጂው። ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ገዢ ይቀመጥበትና “ይሄስ ከቤቱ ጋር ነው?” ይላል። እምቢ ብትዪ ይቀየማል፣ እሺ ብትዪ እህትሽ ትቀየማለች።

አሁን ወደ ዋናው። ጣሪያ፣ ጣሪያ ስል ቆይቼ ዋናው ገና ነው ማለቴ ይገርም ይሆናል። ቀብድ እንዳትቀበዪ። አንድ ብር እንኳ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ቤቱ ዛሬ ያንቺ አይደለም፤ የአራታችሁ ነው። ያውም ፍርድ ቤት ወራሽነታችሁን ካረጋገጠ በኋላ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ሐሳቡን ቢቀይር ግን እጥፉን ይመልሳል። አንቺ 200 ሺህ ብትቀበዪና ውጭ ያለው ወንድምሽ “አልሸጥም” ቢል 400 ሺህ ክፈዪ ልትባዪ ነው። ያንን ጊዜ ደላላው ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይውጣ። አዲስ አበባ ያሉት ወይ ይምጡ ወይ ውክልና ይስጡ። ውጭ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ይላክ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ አለበት። ጊዜ ይወስዳልና አሁኑኑ ይጀምር። ውክልናው ላይ “ቤቱን እንድትሸጥ” የሚል ቃል በግልጽ ይስፈር። “ንብረቴን እንድታስተዳድር” የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም።

ካርታውን አውጥተሽ እዪው። የቆየው ወረቀት በአማርኛ፣ አዲሱ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ሊሆን ይችላል። የእናትሽ ስም በሁለቱም ላይ አንድ መሆኑን አረጋግጪ። አንዷ ፊደል ተሳስታ ወር ሙሉ ስታመላልስ አይቻለሁ። ከዚያ የሜትር መለኪያ ይዘሽ ግቢውን ዙሪ። አጥሩ ካርታው ላይ ካለው ከሰፋ ወይም ከጠበበ ከገዢው በፊት አንቺ ማወቅ አለብሽ። የዓመት ግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ በአንድ ፌስታል ሰብስቢ። ውዝፍ ካለ ክፈዪ።

ወንድምሽ “ገዢ የሚፈልገው ቦታውን ነው” ያለው ነገርም መልስ ይፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። የምትሸጡት ቤቱን ነው። ውላችሁ ላይ የሚጻፈውም ቤት ነው። ገዢው በልቡ ቦታውን ሊያስብ ይችላል፣ መብቱ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ቤት የሌለበት ሽያጭ የለም። እና “ይፍረስ፣ ግድ የለም” የሚለውን ሐሳብ ንገሪውና ይተወው።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይመዝገብ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የሚለው ይሄንን ነው። ቡና ቤት ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ለእንቅልፍሽ አይበቃም።

ጊዜው? ጣሪያውንና ቦዩን መስከረም ላይ ጨርሺ። ግድግዳው ጥቅምትንና ኅዳርን ይድረቅ። ወረቀቱ እስከዚያ ያልቃል። ታኅሣሥና ጥር ላይ የቡና ብር ገበያው ውስጥ ነው፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ደላላሽ “ገዢው ያመልጣል” ይልሻል። ያምልጥ። ቁም ነገረኛ ከሆነ ታኅሣሥ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ካልመጣ ያጣደፈሽ ገዢው ሳይሆን ኮሚሽኑ ነበር።

ወጪውን ደግሞ በደብተር ጻፊው። ቆርቆሮ ስንት፣ የሠራተኛ ስንት። አንቺ ብቻሽን ታወጫለሽ፣ ሲካፈሉ ሁሉም ይረሳል። ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ በዚያው ቀን ለአራታችሁም ላኪ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጂፕ አካባቢ ነኝ። ገዢ ሊያይ ሲመጣ ቡና ላፍላ ወይስ አላፍላ? ባለቤቴ ዕጣኑንም ጨምሪበት ይላል።

መልስ፦ ጅማ ተቀምጦ ቡና ላፍላ ወይ ብሎ ይጠየቃል እንዴ! አፍዪ እንጂ። ግን ገዢው ቤቱን ዞሮ ካየ በኋላ ይሁን። መጀመሪያ ክፍሎቹን በራሳቸው ሽታ ይያቸው። ዕጣኑን ይተዉት፤ እኔ ራሴ ቤት ስገዛ በቀን ዕጣን የሚጨስበት ቤት ካገኘሁ መጀመሪያ የማየው ሽንት ቤቱን ነው። ሁለተኛው ጀበና ላይ ሲደርስ ስለ ጎረቤት መጠየቅ ይጀምራል። እዚያ ላይ እውነቱን ንገሪው። የውሃ ፈረቃችሁ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነም ሳይጠይቅሽ ንገሪው፤ ጎረቤት ነግሮት ከሚሰማ ካንቺ ይስማ። በርሜልና ሮቶ ካላችሁ ደግሞ ሞልታችሁ አሳዩት።

ጥያቄ፦ ቦሳ ቂጦ ያለ ቤቴን ልሸጥ ነው። ጓሮ ትልቅ አቮካዶና አሥራ ሁለት እግር ቡና አለ። ደላላው “ቦታ ይይዛል፣ ቁረጠው፣ ግቢው ሰፊ ይምሰል” አለኝ። ልቁረጥ?

መልስ፦ አትቁረጥ። ግቢው ሰፊ እንዲመስል ከፈለግክ የተከመረውን አሮጌ እንጨትና የተበሳውን ባልዲ አስወግድ። ገዢው ሌላ ቤት ሊሠራበት ካሰበ ራሱ ይቆርጠዋል። ጥላ የሚወድ ከሆነ ግን የቆረጥከውን ዛፍ በምንም ብር አትመልስለትም። ቡናውን በዚህ ዓመት ማን እንደሚለቅም ግን ውሉ ላይ ይጻፍ። ቀልድ አይደለም፤ በሁለት ፌስታል እሸት ቡና ምክንያት ርክክቡ ሁለት ሳምንት የዘገየበት ሽያጭ ላይ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ።

አቮካዶው ላይ አንድ ነገር ብቻ እይ። ቆርቆሮህ ላይ ወይም የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ የተዘረጋ ቅርንጫፍ አለ? ሌሊት ፍሬ ሲወድቅ የሚሰማውን ድምፅ አንተ ለምደኸው ይሆናል። እሱን ቅርንጫፍ ብቻ ቁረጥ፤ ፍሬው ከወረደ በኋላ፣ ለጎረቤትህ ነግረህ።